በረኪና የላጠው ጣት

ትርፌ የአልጋ ልብሱን በረንዳ ላይ በበረኪና ዘፍዝፋ፣ ያለ ጓንት ታሻለች። ባሏ አስናቀ አዲስ የገዛላትን የላስቲክ ጓንት ዘረጋላት።

«ማታም መሣሪያው ጣትሽን አላነበበም» አለ ቅሬታውን ዋጥ አድርጎ። «አድርጊው እንጂ!»

«አደርገዋለሁ።»

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ባልና ሚስትም ቢሆኑ ከራስጌ ባለው መሣሪያ ላይ ሁለቱም አውራ ጣታቸውን ሳያሳርፉ አይነካኩም። ያለ ሚስቱ አሻራ የነካት ባል ወህኒ ይወርዳል። አሻራዋ ካለ ግን በኋላ ብታለቅስም ሰሚ የላትም። እምቢ ማለት መብቷ ነው፤ ትርፌም መጀመሪያ ሰሞን እምቢ ብላ ነበር። አስናቀ እጁን አላነሳባትም። አኮረፋት እንጂ። ምሳውን ሳይነካ ወጣ፣ እናቱ ደወሉ፣ ሽማግሌ መጣ። ደከማት። በረኪና የላጠው ጣት ግን ማንንም አያስኮርፍም፤ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው።

አስናቀ ወደ ሥራው እንደሄደ፣ በጥር የዳረቻት ልጇ ሶልያና መጣች። ቁጭ እንኳ አላለችም።

«እማዬ፣ በረኪና ተርፎሻል?»

«ምን ያደርግልሻል? ልብስሽን ማሽን አይደል እንዴ የሚያጥበው?»

ሶልያና አንገቷን ደፍታ የገዛ አውራ ጣቷን ታሻሻለች።

ትርፌ ልጇን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጓንቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጠርሙሱን አቀበለቻት።

«ውሃ ቀላቅይበት» አለቻት። «ያቃጥላል።»