የላም ገመድ

በስጋት ስም የአደራን ሀብት የሚያገላብጥ ሰው ሀብቱን ያመነምናል እንጂ ስጋቱን አያርቅም።

ደላላው አንዷለም ሞግዚት የሆነላትን የሟች ወንድሙን ልጅ የወይንእሸትን በግ እየጎተተ ቢቸና ከሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። በጉ የታሰረው በወፍራም የላም ገመድ ነበር። ከአባቷ የወረሰችውን ላም «ድርቅ ይመጣል» ብሎ ሞጣ ወስዶ በጊደር፣ ጊደሯንም «በሽታ ገባ» ብሎ በጥጃ ለውጦ ነበር፤ በየገበያው የመኪና ኪራይና የራሱ የድለላ ዋጋ እየተቆረጠ በመጨረሻ በግ ቀረ።

«የፈራሁት ለእሷው ብዬ ነው» አለ።

«የራስህን ላምስ ስንት ጊዜ ለወጥህ?» አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

«የእኔዋማ በየዓመቱ ትወልዳለች፤ ለምን ብዬ እነካታለሁ?»

ሽማግሌዎቹ የእሱን ላም ከነጥጃዋ ለወይንእሸት ፈረዱላት። እሷም ገመዱን ከበጉ አንገት ፈትታ ወደ አጎቷ በረት አመራች። አንዷለም ከሞግዚትነቱ ተሻረ፤ በጉም ለእሱ ቀረ።