ዘርፌ ስትጣራ

በዚያ ዘመን የጤና መልእክት የሚመጣው ማሽን አስመስሎ በሚያወጣው፣ አድማጩ አብዝቶ በሚያምነው ሰው ድምፅ ነበር። አስካለን ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ የጠራቻት በማህፀን በር ካንሰር የሞተችው ታላቅ እህቷ ዘርፌ ናት።

«አስኩዬ፣ ኤፍራታን አስከትቢያት እንጂ! ዛሬ ካለፈ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም።»

አስካለ አማትባ ድምፅ ማጉያውን በነጠላዋ ሸፈነችው። ሙት ሲጠራው «አቤት» ያለ ሰው ተከትሎት ይሄዳል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ማሽኑ ደግሞ እናት «አቤት» ካላለች ፈቃዷን አይቀበልም።

«እማዬ፣ ማሽን እኮ ነው!» አለች ኤፍራታ።

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!»

«አስኩዬ?» አለች ዘርፌ ደግማ፣ ልክ እንደ ድሮው እያባበለች።

አስካለ የልጇን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «እመቤቴ፣ እኔ ብሄድ እንኳ ልጄን አደራ» አለችና ነጠላውን ገለጠች።

«አቤት እትዬ፣ ትከተብ!»