የጠራው ቃል

ሽማግሌው ፉንግ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቁ ወዲህ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ዛሬ ገና አፋቸውን ሊፈቱ ሞከሩ። ልጃቸው ሱክ-ዪን አጠገባቸው ነበረች፤ የሬዲዮ ዜና አንባቢዎችን ትክክለኛውን የካንቶንኛ አነባበብ የምታስተምር ናት። «አንቺ» ለማለት ትክክለኛው «ኔይ» ነው፤ የሆንግ ኮንግ ሰው ግን አብዛኛው «ሌይ» ይላል፤ አባቷም እንደዚያው። ማዕድ ላይ ባረመቻቸው ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ዜና አይነበብም! ይልቅ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብዪ» እያሉ ይስቁባት ነበር።

የተጣመመው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። «ሌ…» ብለው ጀመሩና ዓይኗን ሲያዩ አፍረው አቋረጡ። ምላሳቸውን በጭንቅ ወደ ላይ አንስተው «ኔ… ኔ…» አሉ።

«አባዬ፣ ተወው! እንደ ድሮህ ሌይ በለኝ» አለች እጃቸውን ይዛ።

እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ላብ እያጠመቃቸው እንደገና ጀመሩና «ኔይ» አሉ፤ ጥርት ያለ ነበር። ግን ለሚቀጥለው ቃል አቅም አጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ዳግመኛም አልገለጡትም።

«ምን ሊሉ ነበር?» አለች ነርሷ ፊታቸውን በአንሶላው እየሸፈነች።

«‹አንቺ፣ በልተሻል ወይ› ሊለኝ ነበር» አለች ሱክ-ዪን። «ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።»