የሸለቆው ፉጨት

ከካቲካቲ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በራስል የኪዊ ፍሬ እርሻና በናይሪ ቤት መካከል ደን የለበሰ ሸለቆ አለ። ራስል ደኑን መንጥሮ ሌላ ኪዊ ሊተክልበት ከቋመጠ ቆይቷል። የከለከለው ኪዊ የሚባለው ወፍ ነው። ስሙን ያዋሰው ፍሬ በመርከብ ዓለምን ሲዞር፣ እሱ ግን መብረር እንኳ አልሆነለትም።

ናይሪ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። የባሏን አስከሬን አመድ የበተነችው እዚያው ደን ውስጥ ስለሆነ፣ መጥረቢያ የሚለው ቃል ሲነሳ ከተቀመጠችበት ትነሳለች።

በየዓመቱ ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ የሰፈሩ ሰዎች ጨለምለም ሲል በራስል አጥር ሥር ወንበር ዘርግተው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ወፉ ለዓይን አይገኝምና የሚቆጠረው በድምፁ ነው። ወንዱ ካፏጨ ደኑ አይነካም። በሁለቱም ማዳመጫ ምሽቶች ዝም ካለ ግን ራስል ፈቃዱን ያገኛል። እስካሁን ዝም ብሎ አያውቅም።

ዘንድሮ በመጀመሪያው ምሽት የሁሉም ዓይን ናይሪ ላይ ነበር። ከስንት ዘመን በፊት ላም ረግጣ ባወለቀቻቸው ሁለት የፊት ጥርሶች ቦታ ልጇ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርቶላታል።

«አክስቴ፣ ይሄ ፈገግታ የት ተደብቆ ነበር? ባል ልትፈልጊ ነው እንዴ?» አላት ሄሚ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቆጠራውንም የሚመራው እሱ ነው።

«ብፈልግም አንተን አላገባ! ማንኮራፋትህ እቤቴ ድረስ ይሰማል።»

በሻይ እየነከረች ትበላው የነበረውን ድንጋይ የሚያህል የዝንጅብል ብስኩት ሁሉም እያዩ ቀጭ አደረገችው። አጨበጨቡላት። ከዚያ እንደ ልማዷ ሻይ ልታመጣ ወደ ቤቷ ወረደች።

ሸለቆው ጭጭ አለ። ናይሪ ዘግይታ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ሻዩም ቀዝቅዟል።

«ጂፕ በልቶታል» አለ አንዱ።

ጂፕ የራስል ውሻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሸለቆው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ያላየው ሰው የለም።

«ውሻዬ እኮ ሠልጥኗል!» አለ ራስል። «አንገቱ ላይ በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ አድርገው ኪዊ ሲያስሸትቱት ጮኾ ሰማይ ነው የነካው። አሁን የኪዊ ሽታ ከመጣበት ጭራውን ወሽቆ ይፈረጥጣል።»

«ታዲያ ሸለቆው ውስጥ እንደ ጓዳው የሚመላለሰው ምን ሊሠራ ነው፣ ወንድሜ?» አለው ሄሚ።

ራስል ወንበሩን አጥፎ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ሱቅ ሲገባ ሰላም የሚለው ጠፋ። ውሻው ይገደል የሚሉም አልጠፉም። የተከራከረችለት ናይሪ ብቻ ነበረች።

«ውሻውን ተዉት። ምንም አላደረገም» አለች።

እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ተባለ። እሷ ግን እህል አልበላ ብሏት ሰንብታ ነበር።

በሁለተኛው ምሽት ጂፕ በራስል ወንበር እግር ታስሮ ተቀመጠ።

«ዛሬ ካላፏጨ አለቀ» አለ ሄሚ።

ናይሪ ሻይ ልታመጣ ተነሳች። ራስል ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ድንገት ከሸለቆው ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ከፍ አለ፤ አሁንም ከፍ አለ፤ ተደጋገመ። የሄሚ ዓይን እንባ አቀረረ። ጂፕ ጆሮውን አቁሞ ጭራውን ይቆላል።

ራስል መሬቱ እንዳመለጠው ያወቀው ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ ተንበርክኮ ውሻውን አቀፈ።

«አልበላም ብያችሁ አልነበር? አሁን ማን ይቅርታ ይጠይቀው?»

ሄሚ ጎንበስ ብሎ የጂፕን ራስ አሻሸ። «አጥፍተናል፣ ጂፕዬ» አለው።

ናይሪ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ የሻይ ፔርሙዟን ይዛ እያለከለከች ወጣች።

«አመለጠሽ፣ አክስቴ! ምን የመሰለ ፉጨት መሰለሽ!» ሄሚ ወንበር ሳበላትና የብስኩቱን ቆርቆሮ ዘረጋላት። «በይ፣ ቀጭ አድርጊው!»

ናይሪ ፊቷን ዞር አደረገች፤ ከካፖርቷ ኪስ ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን አወጣች፣ በሻርፗ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ቦታቸው መለሰቻቸውና ብስኩቱን ቀጭ አደረገችው።