የመጠበቂያ ክፍሉ ሥዕል

ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ሃቫና ጎዳና አጠገብ ባለ አንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የድሮ ሥዕል ቅጂ ነው። ከኋላ በረዶ ቀፍድዶ የያዛት መርከብ ትታያለች። ከፊት ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ ነጭ መርከበኞችና የአውሬ ቆዳ የለበሱ የሰሜን ዋልታ ሰዎች፣ ኢኑይቶች፣ ተፋጠው ቆመዋል። አንዱ መኮንን መስታወት ዘርግቷል። አንዲት ኢኑይት ሴት ሥጋ ይዛለች።

እማማ ዘርፈሽዋልና ልጃቸው ምናሉ ሁልጊዜ ከዚህ ሥዕል ሥር ነው የሚቀመጡት። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይገባሉ። እሳቸው ነጠላቸውን ይከናነባሉ፤ እሱ ክፍሉ ቢሞቅም ወፍራም ካፖርቱን አያወልቅም።

ሥዕሉ የመጣው እዚሁ ክሊኒክ ይታከሙ ከነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቤት ነው። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ስለ ዋልታ አሳሾች ለምናሉ ለሰዓታት ያወሩለት ነበር። «ሰው ሥዕሉን ሲያይ መርከበኞቹ እነዚህን ሰዎች አገኟቸው ይላል» ይሉት ነበር፣ የሥዕሉን ፎቶ በስልካቸው እያሳዩት። «እየው እስቲ ፊታቸውን! ተርበው በብርድ ሊያልቁ የደረሱት መርከበኞቹ ናቸው።» ከዚያ አንድ ሰኞ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ባለቤታቸው ሥዕሉን ከሳሎናቸው አውርደው ለክሊኒኩ ሰጡት።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2016 ጃንዋሪ ነበር። ምናሉ ዳውንታውን ዴንቨር የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የነበረውን ሥራ ለቋል። ሊትልተን ከምትኖረው እጮኛው ከናዝራዊት ጋር የነበረው ሰርግም ሁለት ጊዜ ተላልፏል። እማማ ዘርፈሽዋል ራሳቸው ናቸው ለቄሱ «ታምሜያለሁ፣ ጸልዩልኝ» ያሉት። ጸሎቱ ተያዘላቸው። ከጸሎቱ በኋላ ግን ሐሜቱ ሌላ ነበር።

«ሴትዮዋ ልጁን አስረው ያዙት» ይባላል። «በበሽታ አሳበው ትዳር ሊያስቀሩት ነው።»

እማማ ሐሜቱ ጆሯቸው ደርሷል። መልስ ሰጥተው ግን አያውቁም።

የዚያን ቀን ናዝራዊት ሳይታሰብ ከተፍ አለች። አረጋውያን እየተንከባከበች ከምትሠራበት ነርሲንግ ሆም በቀጥታ ስለመጣች ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። ለሁለቱም ውሃ ይዛላቸው መጥታለች። ምናሉ ተቀብሎ አመሰገናትና ሳይከፍተው ወንበሩ ሥር አኖረው።

«እማማ፣ እኔ ኩላሊቴን ልስጥ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ተመርምሬያለሁ። ደሜ ኦ ነው። እኔን አንዱ ይበቃኛል።»

እማማ እጇን ያዙት። 

«የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዘገየሽ እንጂ» አሉ። «ትናንት ጠርተው ነገሩን። ልቡ ደክሟል፣ ኦፕራሲዮን አይችልም አሉ። ከእንግዲህ ኩላሊት ቢገኝም አይተከልም።»

«ሌላ ሆስፒታል እንሞክራ!»

«ሞከርን እኮ። እነሱም ያሉት ይህንኑ ነው።»

ናዝራዊት አለቀሰች። ምናሉ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እማማ ከራሳቸው በላይ ወዳለው ሥዕል ዞሩ።

«እዚህ በተቀመጥኩ ቁጥር እነዚህን ነው የማየው» አሉ። «ያቺ ሴት ሥጋ ይዛ መጣች። ጥሩ ሰው ናት። ትመግባቸው ይሆናል፣ ታለብሳቸው ይሆናል። ግን እሷ ስለመጣች በረዶው መርከቧን አይለቅም። አንቺም ጥሩ ሰው ነሽ፣ ናዝራዊት። አሁን ሂጂ። ምናሉን ተይው። ሰርግም አትጠብቂ።»

ናዝራዊት እጇን ነጠቀቻቸው።

«ሰው የሚለው እውነት ነው ማለት ነው?» አለች። «እኔ ከሰውነቴ ቆርጬ ልሰጥ መጣሁ፤ እርስዎ እዚህም ደርሰው አይለቁትም?»

ወደ ምናሉ ዞረች።

«ምናሉ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«እማዬ ያለችሽን ስሚ» አለ ጫማውን እያየ።

«እሳቸው ከሄዱ በኋላስ? እኔ እኮ እጠብቅሃለሁ። ዓመትም ቢሆን እጠብቅሃለሁ።»

«አትጠብቂኝ።»

ድምፁ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ነበር። ናዝራዊት ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ቀለበቷን አውልቃ አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

በመስኮቱ ትታያለች፤ መኪናዋ ውስጥ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ብዙ ቆየች። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። የፊት መስታወቱ ሲሸፈን ቀና ብላ ጠረገችው፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ሄደች።

«ትጠላሻለች» አለ ምናሉ።

«ትጥላኝ» አሉ እማማ ዘርፈሽዋል። «እኔን ጠልታ ብትሄድ ነው የሚቀላት።»

የውስጠኛው በር ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች።

«ምናሉ፣ ማሽንህ ዝግጁ ነው» አለችው፤ «እጅጌህን ሰብስብና ግባ፤ እናትህ እንደ ሁልጊዜው እዚህ ይጠብቁሃል።»