የግራው ወንበር

«ረዳት ሆነህ እንዳታረጅ ልጄ። ረዳት ሆኖ ያረጀ ሰው ቤቱ ውስጥም ረዳት ነው።»

ይህን የሚለው አባቱ ነበር። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ኖረና መሪ ሳይጨብጥ ሞተ። ልጁ አብራሪ ሆነለት። ግን እሱም ረዳት አብራሪ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በቀኝ ወንበር ተቀምጧል፤ ግራው የካፒቴኑ ነው።

ካፒቴን የመሆን ተራ ሁለት ጊዜ ደርሶት አሳልፎታል። የቆየ ረዳት በረራውን መርጦ ይወስዳል፤ እሑድን ቤቱ ይውላል። አዲስ ካፒቴን ግን ሌላው የጠላው በረራ ሁሉ ይጫንበታል። አሁን ሦስተኛው ተራ መጣ። ሦስቴ ያሳለፈ ዳግመኛ አይጠየቅም። ቅጹ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

የሚያንገበግበው አንድ ሰው ነበር፤ አብሮት የሚበረው ሽማግሌ ካፒቴን። ዓመቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ያልተመደበበት ወር የለም። ሽማግሌው ራሱ እየጠየቀ እንደሚያስመድበው ደርሶበታል።

መሥሪያ ቤቱ ሰውየውን «አባ ረጋ» ይለዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ይላሉ። ረዳቱ በዚህ ይስቃል። እሱ ላይ ሲሆን ሰውየው ሞተር ከተነሣ እስኪጠፋ ይጮኻል። አንዷን ነገር ለሕፃን እንደሚነግር ሦስት ጊዜ ይደጋግማታል። ሬዲዮውን ደግሞ ጨርሶ አያስነካውም። ደንቡ አንዱ ሲያበር ሌላው ሬዲዮ እንዲይዝ፣ ይህንንም ተራ በተራ እንዲያደርጉ ነው። ሽማግሌው ግን ሁልጊዜ «አንተ አብር» ይለውና ሬዲዮውን ለራሱ ያስቀራል።

ሌሎቹም ከሰውየው ተማሩ መሰል ከፉበት። እሱ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሲገባ ጨዋታው ሹክሹክታ ይሆናል። ቤቱም ሰላም የለውም። ገና ዜና ሊያይ ቁጭ ከማለቱ ጎረቤቱ ግድግዳ ይደበድባል። ሚስቱ ትከሻውን ይዛ ፊት ለፊቱ ካልቆመች አታናግረውም፤ ስታናግረውም በቁጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ሰው እጅ አውጣኝ» ብሎ ይጸልይ ነበር። እግዚአብሔር የቱን ሰው እንዳለው ያውቃል።

ሰኞ ዕለት ነገሩ ገነፈለ። ረዳቱ ሊያሳርፍ ወርዷል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ መንደርደሪያው ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል። ሽማግሌው በድንገት «ልቀቅ» ብሎ መሪውን ነጠቀና አውሮፕላኑን ሽቅብ ይዞት ወጣ። ከኋላ ተሳፋሪው ተንጫጫ። ቆይቶ ሲያርፉ፣ አታርፉ ያለው የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ነው አለ። ረዳቱ ማማው ትንፍሽ እንዳላለ መስቀል ጨብጦ ሊምል ምንም አልቀረው።

ሽማግሌው ስለ እሱ አንዲት መስመር ሪፖርት አልጻፈም። ረዳቱ ይህን ሲያይ ነገሩ በራለት። ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ኖሮ ይምረኝ ነበር? ሰውየው ለጡረታ ዓመት ቀርቶታል፤ ያልተባለ ነገር ይሰማዋል፤ ጉዱን ስለማውቅበት እግሩ ሥር ሊያስቀረኝ ነው አለ።

ማታ ሚስቱ ዘንድሮም ተራውን ቢያሳልፈው ምን ይመስለዋል አለችው። ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ካፒቴኑ ደውሎላት ነበር። ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ፤ ለሁለት ቀንም አላናገራት።

ዓርብ ከሰዓት ሽማግሌው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ጠበቀው። ሁለት አብራሪዎች ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። መጥቶ አፍንጫው ሥር ቆመ፤ እንደ ልማዱም ጮኸ።

«ቅጹን አትሙላ። ቀኝ እስካለህ ድረስ እኔ አለሁልህ። ግራ ስትቀመጥ ማን አለህ?»

«እግዚአብሔር አለኝ።»

«እሱማ አለ። ሬዲዮውን ግን አይመልስልህም።»

ጫማ የሚያስሩት ቀና አሉ። የረዳቱ ፊት ደም መሰለ።

«ካፒቴን፣ እርስዎ ወንበሩን ወደ መቃብር ይዘውት ሊወርዱ ነው እንዴ?»

«ሰውዬ፣ መጀመሪያ ሂድና ታይ። ለራስህ ብዬ ነው።»

ጭራሽ እብድ አደረገኝ ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ሽማግሌው በኮሪደሩ ከኋላው ሁለት ጊዜ ጠራው። ረዳቱ ዞር ብሎም አላየው።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቅጹን አስገባ። ከቅጹ ጋር ሌላ ደብዳቤ ነበረው። ካፒቴኑ ማማው ያላለውን አለ እያለ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እየጣለ ነውና ከበረራ ታግዶ ይመርመር የሚል ነው። ሰኞ ሽማግሌው ታገደ። ረዳቱ በዚያ ቀን እያፏጨ ደረጃ ወጣ።

ለካፒቴንነት የቀረው ምርመራ ብቻ ነበር። በየዓመቱ የሚያየው ሐኪም ግፊቱን ለክቶ፣ ስለ ልጁ ጠይቆ ይፈርምለት ነበር። አሁን ግን የተላከው ወደ ትልቁ ክሊኒክ ነው። ዓይኑ ደህና ነው ተባለ። ልቡም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የማያውቀው መነጽር ያደረገ ሰው ወፍራም በር ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው፤ ማዳመጫ አጠለቀለት፤ ቁልፍ አስያዘው። ፊት ለፊቱ ቆሞም፣ ምንም ያህል ቀጭን ድምፅ ቢመጣ ቁልፉን እንዲጫን ነገረው። በሩን ዘጋ።

ረዳቱ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። በመስታወቱ ማዶ ሰውየው ማሽኑን ይነካካል፤ ይጽፋል፤ ቀና ብሎ ያየዋል፤ እንደገና ይነካካል። ማሽኑ አስቸግሮት ይሆናል አለ በልቡ። አልቸኮለም። የሚጮህበት ሰው ከሌለ ምን ያስቸኩለዋል። ስለ ግራው ወንበር አሰበ፤ አራት ወርቃማ መስመር ስላለው የትከሻ ምልክት አሰበ፤ አምላኩንም አመሰገነ።

በሩ ተከፈተ። ሰውየው ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ወደ ፊቱ ጎንበስ አለ።

«ካፒቴን፣ ምርመራው አለቀ እኮ። ለምንድን ነው ቁልፉን አንዴም ያልተጫኑት?»