ጥፍር ሥር የቀረ ሊጥ

«እስኪ ለመጽሔቱ የምልከው ጽሑፍ ስህተት ካለው እዪልኝ፣ እህቴ» አለች የምሥራች፣ ኮምፒውተሩን ወደ ትርሲት እያዞረች። ከእንጅባራ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ በመጣ አፈር ላይ ከበቀለ ሻጋታ፣ የብረታ ብረት መርዝ የሚያከሽፍ ኢንዛይም በማግኘቷ መምህራቸው ጠዋት በሰው ፊት አሞግሰዋታል። ትርሲት ሙገሳው እስካሁን አልተዋጠላትም።

ዝርዝሩን አነበበች። የኢንዛይሙ ዘረመል መቶ በመቶ የገጠመው ከሻጋታ ሳይሆን ከዳቦ እርሾ ጋር ነበር። የምሥራች ሻጋታውን የነካካች ዕለት ጓንት አልቆ ነበር፤ ለበዓል ያቦካችው የዳቦ ሊጥ ጥፍሯ ሥር ደርቆ ትርሲት ራሷ ስቃባታለች።

«ምንም የለውም» አለች ትርሲት፣ ቀና ሳትል።

«ተመስገን! በይ ላክሁት።» የምሥራች ቁልፉን ተጫነች። «ስምሽን ከኔ አስቀድሜዋለሁ። አፈሩን የቆፈርሽው አንቺ አይደለሽ?»